የፊሽካው ምክር

ስፒች ቴራፒ ከሚሰጥባቸው ጥቂት ቦታዎች በአንዱ ተራ የምትጠብቅ እናት ቦርሳዋን ስትከፍት ያየ ሰው ልደት ልታከብር የምትሄድ ይመስለዋል። ፊሽካ አለ፤ ፊኛ አለ፤ ባለ ቀለም ስትሮ፣ የሳሙና አረፋ መንፊያ፣ በባትሪ የሚንቀጠቀጥ ብሩሽ። ልጇ ዳውን ሲንድሮም አለበት። ጡንቻው ልል ነው፤ አፉ ከፈት፣ ምላሱ ወጣ ይላል፤ አራት ዓመት አልፎት አፉን ገና አልፈታም። በቲክቶክና በቴሌግራም የሚዞረው ምክር ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፦ «የአፉን ጡንቻ አጠንክሪለት፣ ይናገራል።» እናም ከሥራ ደክማ ገብታ ፊሽካ ታስነፋዋለች። ከንፈሩ ዳር ማር ቀብታ በምላሱ እንዲልሰው ትለማመጠዋለች።

በትጋቷ እንከን አይወጣላትም። ምክሩ ግን የተባለለትን ያህል አይደለም፤ ይህንንም ፊት ለፊት የሚነግራት ሰው አላገኘችም።

ነገሩ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስለን። ግሪጎሪ ሎፍና ማጊ ዋትሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጠየቋቸው የአሜሪካ የንግግር ባለሙያዎች 85 በመቶው ንግግርን ለማስተካከል ድምፅ የሌለበትን የአፍ ልምምድ እንደሚጠቀሙ ተናግረዋል። የሕክምና ማስረጃዎችን አበጥሮ በመመርመር የሚታወቀው ኮክሬን በ2015 ጉዳዩን ሲፈትሽ፣ መስፈርቱን አሟልተው የተገኙት 3 ትንንሽ ጥናቶች ብቻ ነበሩ፤ የተሳተፉባቸው ልጆች ቢደመሩ 22። አንድ የመዋለ ሕፃናት ክፍል እንኳ አይሞሉም! ልምምዱ ንግግር ያስተካክላል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃም አልተገኘም።

ለምን ቢባል፣ ለመናገር የሚያስፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው። በዘርፉ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት ንግግር ከከንፈርና ከምላስ ሙሉ አቅም የሚወስደው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉን ነው ይላል። ከባዱ ፍጥነቱና ቅንጅቱ ነው፤ ከንፈር ሲገጥም፣ ምላስ ሲነሳ፣ ትንፋሽ ሲወጣ በሰከንድ ሽራፊ መናበብ አለባቸው። እስክስታ ለማስተማር ትከሻ ላይ ኩንታል አይጫንም፤ ትከሻው ይጠነክር ይሆናል፣ እስክስታውን ግን ከኩንታሉ አይማረውም። የጡንቻ ልልነት ደግሞ ከድካም ይለያል። ጡንቻው ሥራ ላይ ባልሆነበት ጊዜ የሚኖረው ውጥረት አነስተኛ ነው ማለት ነው፤ ይህን የሚወስነው የነርቭ ሥርዓቱ ስለሆነ ፊሽካ በመንፋት አይቀየርም። የማላመጥ፣ የመዋጥና የለሃጭ ችግር ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ባለሙያ ለዚያ ብሎ የሚያሠራውን ማንም አይቃወምም፤ የጥርጣሬው ምክንያት ንግግርም አብሮ ይመጣል መባሉ ነው።

ታዲያ ልጁ ምን ይለማመድ? ድምፅን ራሱን። ለዚህ ደግሞ አማርኛ ሞልቶታል። ላሚቱን በሥዕል እያሳዩ «እምቧ» ማለት ከንፈርን ያስገጥማል፣ ያስከፍታል፣ ያሾላል፤ ፊኛው ያደርገዋል የተባለውን ሁሉ በድምፅ ያሠራል። «እማ» አለ፤ «አባ» አለ። ከሁሉም የምወደው ግን «እምቢ»ን ነው። ልጁ «እምቢ» ሲል ማንኪያው ከፊቱ ዞር ካለለት፣ ቃል ሥራ እንደሚሠራ በዚያው ቅጽበት ያየዋል። ፊሽካው ይህን አያሳየውም። ቃሉ እስኪወጣ በእጅ ምልክት ማገዝም ይቻላል። «በእጁ ከለመደ ይሰንፋል» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ፤ በዘርፉ የሚታየው ግን ምልክት ንግግርን እንደማያስቀር፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ መንገድ እንደሚከፍትለት ነው።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ጆሮ አለ። ዳውን ሲንድሮም ካለባቸው ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሆነ ወቅት የመስማት ችግር ይገጥማቸዋል። የጆሯቸው ቱቦ ጠባብ ነው፤ ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ልጁም ንግግርን የሚሰማው እንደታፈነ ድምፅ ነው። ሕመም ስለሌለው አያለቅስም፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም። ስንቷ እናት ናት ለሚንቀጠቀጠው ብሩሽ ገንዘብ አጠራቅማ፣ ልጁን ግን ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ያልወሰደችው? እሷን ልወቅስ አይደለም። ስለ ብሩሹ ስልኳ በየቀኑ ይነግራታል፤ ስለ ጆሮው ግን ልጁን ያስከተበችበት ጤና ጣቢያ እንኳ አላነሳባትም።

የንግግር ባለሙያ በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ሲወጡማ ይብሳል። ዘሚ የኑስ የመሠረቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከልም ሆነ አቶ አባዱላ ገመዳ ያቋቋሙት ዲቦራ ፋውንዴሽን፣ የገዛ ልጃቸው ጉዳይ እንቅልፍ በነሳቸው ወላጆች የቆሙ ናቸው። ይህ ያስመሰግናቸዋል፤ እኛን ግን ያስጠይቀናል። የልጅ አፍ መፍታት በወላጁ አቅምና ወኔ ላይ መንጠልጠል አልነበረበትም።

አንድ የሰፈሬ መዋለ ሕፃናት እንዲህ ያለ ልጅ ሊመዘገብ ሲመጣ ለእናቱ የሰጣት መልስ «አፉን ሲፈታ ያምጡት» የሚል ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ፣ ሲዘፍኑና ሲጣሉ ከሚውሉ እኩዮቹ ተለይቶ፣ ቤት ከሠራተኛዋና ከቴሌቪዥኑ ጋር ቁጭ ብሎ አፉን ፈትቶ ይምጣ!

እኛም የመንደሩ ሰዎች ብንሆን ያው ነን። እናትና ልጅን መንገድ ላይ ስናገኛቸው የልጁን ራስ ዳበስ እናደርግና «ስሙ ማን ነው?» ብለን የምንጠይቀው እናቱን ነው። ሻል ያለው ሰው ልጁን ይጠይቃል፤ ግን አይጠብቅም። እንዲህ ያለ ልጅ የሰማውን አሰላስሎ፣ ቃሉን ፈልጎ፣ ከንፈሩን አሰናድቶ ለመመለስ ከሌላው ልጅ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። እሱ ገና ሲሰናዳ እናቱ ትመልስልናለች፤ እኛም «እግዜር ያሳድግልሽ» ብለን መንገዳችንን እንቀጥላለን።