ሥዕል መስቀልም ማስተርስ ያስፈልገዋልን?

የሥዕል ኤግዚቢሽን ለማየት የሚገባ ሰው በመጀመሪያ ሥዕሉን ያያል፤ ቀጥሎም የሠዓሊውን ስም ይጠይቃል። ከመቶው ሥዕል ሠላሳውን መርጦ ሰባውን ያስቀረ፣ አንዱን ከሌላው አጠገብ የሰቀለ፣ ከባለንብረቱም በዐደራ ተቀብሎ ያስመጣ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፈረንጆች ይህን ሰው ኩሬተር ይሉታል፤ የቃሉም ምንጭ በላቲን ቋንቋ መንከባከብ ማለት ነው። ከአገራችን የሥነ ጥበብ ሰዎች አጋፋሪ የሚሉት አሉ። አጋፋሪ በግብር አዳራሽ እንግዳውን በየማዕርጉ ያስቀምጥ የነበረ ባለሟል ነውና ስሙ ስለሚስማማው እኛም በዚሁ እንጠራዋለን።

ይህ ሥራ ዛሬ በማስተርስ ዲግሪ ደረጃ የሚማሩት ሙያ ሆኗል። በፈረንሳይ አገር በግሬኖብል ከተማ ቀድሞ የፋብሪካ አዳራሽ በነበረ ቤት ውስጥ በ1987 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለዘመናይ ሥነ ጥበብ አጋፋሪዎች የሚሆን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1992 የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ተከተለ፤ በአሜሪካም ባርድ ኮሌጅ በ1994 የማስተርስ ትምህርቱን ጀመረ። እንግዲህ ከወጣቶቻችን አንዱ ለዚህ ትምህርት ባሕር ልሻገር ቢል፣ ወላጁም «ሥዕል መስቀልም ማስተርስ ያስፈልገዋል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም።

መልሱን ለማግኘት በ1969 በስዊስ አገር በበርን ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ሐራልድ ዜማን የተባለው የአዳራሹ ኀላፊ የጊዜውን ወጣት አርቲስቶች ጠርቶ በዚያው በአዳራሹ እንዲሠሩ ፈቀደላቸው። ሪቻርድ ሴራ የቀለጠ እርሳስ በግድግዳው ሥር ረጨ። ሎረንስ ዌይነር ከግድግዳው ላይ አንድ ሜትር የማይሞላ አራት ማዕዘን ልስን ፍቆ አነሣና ሥራዬ ይህ ነው አለ። ማይክል ሃይዘር በደጅ ያለውን የእግር መንገድ በከባድ የብረት ኳስ አስደበደበው። ዋልተር ደ ማሪያም አንድ ስልክ ከወለል ላይ አኖረ፤ ቢደወል ተመልካቹ አንሥቶ ከአርቲስቱ ጋር እንዲነጋገር ነው። የከተማው ሰው ተቈጣ፤ ዜማንም በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ።

የተቈጡትን አንፈርድባቸውም፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የአጋፋሪው ሥራ እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም። ከግድግዳ ላይ የተፋቀ ልስን በምን ተጠቅልሎ በመጋዘን ይቀመጣል? ሙዚየም ሲገዛው የሚረከበው ምኑን ነው? ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ እንደ ገና ቢሠራ ያው ሥራ ነውን? ይህን ለመመለስ ታሪክም ሕግም ማወቅ ያስፈልጋል። የውሰት ውል፣ ኢንሹራንስ፣ የዕቃውን ጤንነት መርምሮ መመዝገብ፣ የአዳራሹን እርጥበትና ብርሃን መቈጣጠር፣ ተመልካቹ የሚያነበውን ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ይህ ሁሉ የሚማሩት ነገር ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከንቱ ነው አንልም።

የሚያሠጋን ሌላ ነው። ዜማን በ1972 በጀርመን አገር በካስል ከተማ አምስተኛውን ዶኩሜንታ ሲያዘጋጅ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዳንኤል ቡረን በዚያው በኤግዚቢሽኑ መጽሐፍ ላይ ተቃውሞ ጽፎ ነበር። ፍሬ ነገሩ፣ ኤግዚቢሽኑ ራሱ የጥበብ ሥራ ሆኖ እየታየ ነው፤ የእኛ ሥራዎች ለአዘጋጁ ሸራ እንደ ቀለም ጠብታ ሆነዋል የሚል ነው። በእኛ ግብር ቤት እንግዳውን ያስቀመጠ አጋፋሪ ድግሱ የእኔ ነው ሲል አልተሰማም! በየአዳራሹ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን፣ የተማረ ሰው እንኳ ሁለት ጊዜ አንብቦ የማይረዳውን ጽሑፍ ያየ ሰው፣ የቡረን ቅሬታ ዛሬም እንዳላረጀ ይገባዋል።

የገንዘቡም ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር ከውጭ የሚመጣ ተማሪ ከአገሬው ተማሪ አብልጦ ይከፍላል። ተመርቆ ሲወጣም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በትንሽ ደመወዝ፣ አንዳንዴም ያለ ደመወዝ ነው። ሙዚየሞች ያለዚህ ዲግሪ አንቀጥርም ካሉ፣ የሁላችንን ሥዕል የሚመርጡልን የባለጸጋ ልጆች ብቻ ይሆናሉ ማለት ነው።

ይህ እንዳይሆን የምንከራከረው በምክንያት ነው። በናይጄሪያ የተወለደው ኦኩዊ ኤንዌዞር በአሜሪካ የተማረው የፖለቲካ ሳይንስ ነበር። በ2002 አሥራ አንደኛውን ዶኩሜንታ ሲመራ ከአውሮፓ ውጭ የተወለደ የመጀመሪያው ሰው ነበር፤ ክርክሩንም ከካስል አስቀድሞ በሌጎስና በኒው ዴሊም አካሄደ። በ2019 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ በዚህ ሙያ ስሙ የገነነ ነበር። በ2019 ከኤልያስ ስሜ ጋር በአዲስ አበባ ዞማ ሙዚየምን የከፈተችው መስከረም አሰግድ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ናት። ኢትዮጵያም በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷ አዳራሽ ሲኖራት የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች ያጋፈረው ባለቅኔው ለምን ሲሳይ ነው።

እነዚህ ሰዎች ያለ ዲግሪው ተሳካላቸው ተብሎ ግን ወጣቱ ትምህርቱን ይተው አይባልም። ራሱን ያስተማረ ሰው በስሕተቱ ነው የተማረው፤ በስሕተት የተቀደደ ሸራ ደግሞ ተመልሶ አይድንም። ስለዚህ አመልካቹ ክፍያውን ከመላኩ በፊት ትምህርት ቤቱን አጥብቆ ይጠይቅ። በመጋዘን ውስጥ ዕቃ እየነካን የምንማረው ስንት ሳምንት ነው? ለሕዝብ የሚታይ ኤግዚቢሽን በራሳችን እጅ እናዘጋጃለን ወይስ ስለ ኤግዚቢሽን እናወራለን? ከእናንተ ዘንድ የወጡት ተማሪዎች ዛሬ የት ይሠራሉ፤ ማንስ ይከፍላቸዋል? የመጨረሻውን ጥያቄ በደስታ የሚመልስ ትምህርት ቤት ብዙ አይመስለንም፤ ቢሆንም መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ገንዘቡ በኪስ ቢቈይ አይጎዳም። እስከዚያው ድረስ የሦስት ጓደኞቹን ሥዕል ለምኖ በአንዲት ክፍል ውስጥ ይስቀል፤ ጎረቤቱንም ጠርቶ ያሳይ።