18 ሲሞላው የት ይሂድ?



ረመዳን በመጣ ቁጥር የኢፍጣር ፎቶ እንለጥፋለን። ፎቶው ውስጥ የማይቀር አንድ ልጅ አለ፤ ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቴምር ይዞ ይስቃል። ከሥሩ «የቲሞችን አስደሰትን፣ አልሐምዱሊላህ» ተብሎ ይጻፋል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ እኛም ለጥፈናል። ግን ያው ልጅ አድጎ፣ ጢም አቀምቅሞ፣ 12ኛ ክፍል ጨርሶ መስጂድ በር ላይ ሲቆም ማንም ፎቶ አያነሳውም። ፎቶውስ ይቅር፣ ስሙም ከመዝገቡ ተሰርዟል። ምክንያቱም 18 ሞልቶታል።

ባለፈው ዓመት አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ወደ እኛ መጣ። አባቱን በሕፃንነቱ፣ እናቱን ከዚያ በኋላ ያጣ ነው። በየወሩ የምትደርሰው ትንሽ የየቲም ድጋፍ ነበረች። እሷ የቆመችው ለመልቀቂያ ፈተና ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ብሯ ስትቀር ያስጠጉት ዘመዶቹም ፊታቸው ጠቆረበት፤ ወጥቶ ከሸክም ሠራተኞች ጋር ማደር ጀመረ። እንደዚያም ሆኖ ተፈተነ፣ አለፈ፣ ሩቅ ክፍለ ሀገር ተመደበ። ከእኛ የፈለገው የመኪና መሳፈሪያ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ ነበር። እኛ ምን አልነው? «ኮሚቴው ሲሰበሰብ ና።» ኮሚቴው ሲሰበሰብ የምዝገባው ቀን አልፎ ነበር። ይህን ጽሑፍ ስንጽፍ ጣታችንን ወደ ሌላ ሰው ብቻ እየቀሰርን እንዳልሆነ ይታወቅልን።

ይህን ጉዳይ ባነሳን ቁጥር የሚሰጠን የመጀመሪያ መልስ «ባሊግ ከሆነ በኋላ እኮ የቲም አይባልም» የሚል ነው። ትክክል ነው፣ በፊቅህ የየቲምነት ስም እዚያ ያበቃል። ግን ወንድሞች፣ ስሙ ሲያበቃ ረሃቡም አብሮ ያበቃል ያለው ማን ነው? ሱረቱ-ኒሳእ 6ኛውን አንቀጽ ከፍታችሁ አንብቡ። አላህ (ሱ.ወ) የየቲሞችን ገንዘብ ለያዙ አሳዳጊዎች ያዘዘው ልጁ ለጋብቻ ዕድሜ ስለደረሰ ብቻ እንዲለቁት አይደለም። አስቀድመው እንዲፈትኑት፣ ብስለት ሲያዩበት ገንዘቡን እንዲያስረክቡት ነው። እንግዲህ የራሱ ውርስ ያለው የቲም እንኳ በዕድሜ ብቻ ተገምቶ የማይለቀቅ ከሆነ፣ ምንም የሌለው ልጅ በልደቱ ቀን ሜዳ ላይ የሚጣልበት ማስረጃ ከየት መጣ? 18 የሚለው ቁጥር ያለው ድጋፍ ሰጪዎች በሚፈርሙት ውል ላይ ነው፤ ከቁርኣን አላመጣነውም። ደግሞስ የቲም ባይባል ፈቂር ወይም ሚስኪን አይባልም? ዘካ ከሚገባቸው ስምንቱ ወገኖች በሱረቱ-ተውባ መጀመሪያ የተጠሩት እነሱ አይደሉም?

ሁለተኛው መልስ «ዩኒቨርሲቲ መንግሥት ያበላዋል፣ ያሳድረዋል» የሚለው ነው። እስቲ ግቢ የቆያችሁ ተናገሩ። ዶርምና ካፌ አለ፣ ወጪ መጋራቱም ከምረቃ በኋላ ነው የሚከፈለው፣ እሺ። ሳሙናውስ? ፎቶ ኮፒውስ? ሞባይል የሌለው ተማሪ በቴሌግራም የሚላከውን ማስተማሪያ በምን ያነባል? ይህ ሁሉ ይቅር፣ ትልቁ ነገር ክረምት ነው። ሰኔ ላይ ግቢ ሲዘጋ ሁሉም ሻንጣውን አንስቶ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል። የግቢ ጀማዓው ተማሪውን መስከረም ላይ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ እየተቀበለ ሻንጣ ይሸከምለታል፣ አላህ ይቀበላቸው፤ ሰኔ ላይ ግን ጀማዓውም ይበተናል። ቤት የሌለው ልጅ ያኔ የት ይሄዳል? አንዳንዱ ወደ ጎዳናው ይመለሳል። ሁለት ወር ጎዳና ያደረ ልጅ ሁለተኛ ዓመትን ለመጀመር መመለሱን ማን ያረጋግጣል? ሴቷ ደግሞ ደላላ ይጠብቃታል፤ ቀጣዩ ዓመት ሳይጀመር ዐረብ አገር ናት።

ስለ ፈተናውም እንናገር። በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በ2017 ተሻሽሎ 8.4 በመቶ ደረሰ። አባትና እናት፣ መብራትና አስጠኚ ያለው ልጅ የሚወድቅበት ፈተና ነው። ከበረንዳ ተነስቶ ይህን ያለፈ ልጅ ብርድ ልብስ አጥቶ ሲቀር እኛ ምን እንባላለን? ጎዳና ያደገው ደግሞ ገና ከመታወቂያው ይጀምራል። የቤት ቁጥር የሌለውን ልጅ ቀበሌው ማን ብሎ ይመዝግበው? ኃላፊነት ወስዶ አብሮት የሚሄድ አንድ ሽማግሌ ያስፈልገዋል፤ ይህ ደግሞ ብር እንኳ አይጠይቅም።

ኢማሙ ሻፊዒ የቲም ነበሩ። እናታቸው ከጋዛ ወደ መካ ይዘዋቸው ሲሄዱ ለመምህር የሚከፍሉት አልነበራቸውም፤ መምህሩ ያለ ክፍያ ተቀበላቸው። የሻፊዒን መዝሀብ እየተከተልን ያንን መምህር መሆን ያቃተን ለምንድነው?

«ጉልበት አለው፣ ሠርቶ ይብላ» ለሚለው ብዙ አንመልስም። የራሱን ልጅ በ18 ዓመቱ ከቤት ያስወጣ ሰው ካለ እሱ ይናገር።

ኢፍጣሩ ይቅር አላልንም። ከአንድ ምሽት ኢፍጣር የሚተርፈው ለስንት ልጅ መሳፈሪያ እንደሚሆን ግን አስሉት። የየቲም ድጋፍ የምትሰበስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ውሉ ላይ 18 የሚለውን አውጡና «የመጀመሪያ ዲግሪውን እስኪይዝ» ብላችሁ ጻፉ። ቤት ያላችሁ ደግሞ ለሁለት የክረምት ወራት አንድ ፍራሽ አንጥፉ። እናንተ ከግቢ የተመረቃችሁ፣ የሪሚዲያል ተማሪውን ሒሳብ ለማስጠናት የማንንም ፈቃድ አትጠብቁ።

ዛሬ ከሶላት በኋላ የመስጂዳችሁን ኮሚቴ አንድ ጥያቄ ጠይቁልን፦ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የሚፈተኑ የቲሞችና ቤት የሌላቸው ልጆች በአካባቢያችን ስንት ናቸው? ዝርዝሩ ከሌለ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ጀምሩት። መሳፈሪያው ከምደባው በፊት ይቀመጥ፣ ከስብሰባው በኋላ አይሁን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።