«አልተገኘም» ሲል አትመኑት

የዳታቤዝ ኮርስ በሚሰጥበት ሰሞን ላብ ውስጥ የሚሰማው ጩኸት ያው ነው፤ «ኧረ ኮዴ አልሠራም!» ስትጠጉ ወይ ኮማ ጎድሏል፣ ወይ የኮለም ስም ተሳስቷል። እንዲህ ያለው ጣጣ ቀላሉ ነው። በተለይ ከፒኤችፒ 8.1 (እ.ኤ.አ. 2021) ወዲህ ማይኤስኪውኤልአይ ዝም በል ካልተባለ በቀር ስህተቱን ራሱ ይናገራል። እኔ የምፈራው የማይጮኸውን ኩዌሪ ነው፤ በትክክል ሠርቶ 0 ረድፍ ይዞ የሚመለሰውን።

መርካቶ ላይ ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ለክፍል ፕሮጀክት ቦምብ ተራ ላሉ አንድ ነጋዴ የዱቤ መዝገብ በፒኤችፒ ሠርተን ነበር። ልጃቸው የደንበኛውን ስም «ኃይሉ» ብሎ አስገባ፤ እሳቸው «ሀይሉ» ብለው ፈለጉ። «አልተገኘም» አላቸው። ባለዕዳው እኮ ፊት ለፊታቸው ቆሟል! ታዲያ «ዕዳ የለብህም» ብለው ይሸኙት? በእጅ የሚጻፈው ደብተር እንዲህ ዓይነት ጉድ የለበትም፤ የሰው ዓይን ሁለቱን ፊደሎች አንድ አድርጎ ያነባል።

ማሽኑ ግን አያነብም፣ ቁጥር ነው የሚያወዳድረው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ይህም ትክክል ነበር፤ ግዕዝ ይለያቸዋልና። በአማርኛ ግን ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሁሉም እንደለመደው ይጽፋል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ ውሰዱ፤ ሁለቱ «ፀ» ከስድስቱ «ሀ» እና «ሃ» ዓይነቶች ጋር ሲባዙ 12 አጻጻፍ ይወጣል። በዚያ ላይ ገ/ማርያም፣ ገብረማርያም፣ ገብረ ማርያም አለ።

ስለዚህ ባዶ መልስ ሲመጣ ኮዱን ከመነካካት በፊት ኩዌሪውን ራሱን በኤኮ አትሙትና ፒኤችፒማይአድሚን ላይ ለብቻው አስኪዱት። አሁንም ባዶ ነው? ከ«ዌር» በኋላ ያሉትን ሁኔታዎች አንድ በአንድ አንሱ። ረድፉ ብቅ ያለበት ቦታ ላይ ጥፋተኛው ተያዘ ማለት ነው። ስሙ «????» ሆኖ ከተቀመጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሰንጠረዡ ወይም ኮኔክሽኑ ላቲን1 ሆኖ ፊደሉን በልቶታል፣ ያ ዳታ ደግሞ አይመለስም። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጋችሁ እንደገና መጻፍ ነው።

ለፊደሉ መፍትሔ «ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ይጻፍ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ስም የባለቤቱ ነው፤ መታወቂያውም ባንክ ደብተሩም ላይ ያለው እሱ ነው። እኛ የጨመርነው ሁለተኛ ኮለም ነው፦ የመጀመሪያው ስሙን እንደተጻፈ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሐ፣ ኀ፣ ሃ ሁሉ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው፣ ክፍት ቦታውም ወጥቶ። የሚፈለገውም ቃል በዚያው ወንፊት ያልፋል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ኤስቲአርቲአር የተባለውን ፈንክሽን በሁለት የፊደል ዝርዝር ከጠራችሁት ባይት በባይት ይተካና ስሙን ያበላሸዋል፣ የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ8 3 ባይት ነውና። በአሬይ ስጡት።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ነጋዴው ዱቤ የሚቆጥሩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጥቅምት 30ን በ«ዴት» ኮለም ለማስገባት ሞክሩ፣ ፌብሩዋሪ 30 መስሎት አይቀበልም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ብሎ ነገር አያውቅም።

የኦራክል የቆየ ማለማመጃ ሰንጠረዥ «ስሚዝ» ብሎ ይጀምራል። ስሚዝ ላይ ከእነዚህ ጣጣዎች አንዱም አይመጣም፣ ተማሪውም ኩዌሪ ቻልኩ ብሎ ይመረቃል። መምህራኖቻችን ቢያንስ አንዱን የላብ ሥራ ከመርካቶ ዱቤ ደብተር ላይ በተቀዳ፣ ስሙና መጠኑ በተቀየረ ዳታ ቢያደርጉልን እላለሁ፤ አጻጻፉን ሳያርሙ፣ ከነዝብርቅርቁ።