«በርታ» አትበሉት

«በርታ» ከምትለው ቃል ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። በዚህ ሳምንት ደብረ ታቦር እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሳለ እንደገና ተነሣብኝ። ልጇ በሰኔ መጨረሻ ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመቷል። ሲቲ ስካኑ ደህና ነው ተብሏል፣ ቁስሉም ደርቋል። መጽሐፍ ይዞ ግን ሩብ ሰዓት አይቆይም። ይህን ያዩ አንድ ዘመዳችን «ሰንፏል፤ በርታ በሉት እንጂ!» አሉ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ሲቲ ስካን ደም መፍሰሱንና ስብራቱን ያሳያል እንጂ የተናወጠ አንጎልን ድካም አያሳይም። ማንበብ፣ ማስላት፣ በጫጫታ መሐል ሰው ማዳመጥ ለእንዲህ ያለ ሰው ከባድ ሥራ ነው። «ጨለማ ቤት አስተኙት» የሚሉትም አልተሻሉም። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ የመከሩ የስፖርት ሕክምና ሊቃውንት የተስማሙት አንድ ሁለት ቀን ቀለል አድርጎ ማረፍ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መመለስ በሚለው ነው።

እህቴም እንዲሁ ይዛዋለች። 10 ደቂቃ ያነብና ራሱን ሳያመው ይዘጋል፤ ሁለት ቀን ደህና ከዋለ 5 ደቂቃ ይጨመርለታል። ያስቸገረን ደህናው ቀን ነው። አንድ ቅዳሜ ቀለል ቢለው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሒሳብ ሲሠራ ዋለ። እሑድንና ሰኞን ነጠላ ፊቱ ላይ ጥሎ ተኛ። ከሕመም ገና ያገገመ በሬ ቀኑን ሙሉ የሚጠምድ ገበሬ በአገራችን በፋርጣ አላየሁም፤ ለልጆቻችን ለምን እንደምንጨክን አይገባኝም።

የባሰው ደግሞ ጠያቂው ነው። ጥየቃችንን እወደዋለሁ፣ ያለ እሱ መከራን የምንችል ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን የገባው ሁሉ «እስቲ እንዴት ወደቅህ?» ይላል። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ለሰባት ሰው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከ። ስምንተኛዋ ስትጠይቀው የሰፈሩ ስም ጠፋበት፣ ሁለት መዳፉን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቀረ።

ስለዚህ ጎረቤቶቼ፣ ኑ፤ ግን ወሬውን እናቱን ጠይቁ። እሱን እጁን ያዙትና ቶሎ ተነሡ። እናንተም ልጆች፣ ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ጅራፋችሁን ከእህቴ ግቢ ራቅ ብላችሁ አጩኹ፤ ሙልሙሉን እኔ ራሴ ይዤላችሁ እመጣለሁ።