ከስድስቱ ሦስቱ

በይርጋጨፌ አካባቢ ከአንድ ትውልድ በፊት ያደገ ወንጌላዊ አማኝ «ቅጣት ላይ ነው» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። እሑድ ጠዋት ማስታወቂያ ሲነበብ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይነሣል፤ የአንድ ሰው ስም ይጠራል፤ ምክንያቱን ባጭሩ ይናገራል፤ ሰውየው ከጌታ እራትና ከአገልግሎት ለስድስት ወር ወይም ለዓመት መታገዱን ያሳውቃል። የታገደው ሰው መዘምር ከሆነ ከመዘምራን መካከል ተነሥቶ ኋላ ይቀመጣል። ጽዋው ሲዞር እሱን ያልፈዋል። ከጉባኤው ግን አይቀርም፤ ቢቀር ጥፋቱ ሁለት ይሆናል። ጊዜው ሲደርስ ሽማግሌዎች ቤቱ ድረስ ሄደው ያነጋግሩታል፤ ንስሐው እውነት መስሎ ከታያቸው በሁሉ ፊት ተጸልዮለት ወደ ኅብረቱ ይመለሳል።

ይህ ሥርዓት ዛሬም በየአጥቢያው መተዳደሪያ ደንብ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሲሠራበት ማየት ግን ብርቅ ሆኗል። ለምን እንደሆነ የሚጠየቁ አባቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ ዘመኑ ከፋ፣ ወጣቱ ለዘብ አለ፣ ዓለም ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ዋናውን ነገር ግን ይሸፍናል። እኔ እንደማየው ቅጣቱ የወደቀው ሰው ኃጢአትን ከቀድሞው አብልጦ ስለወደደ አይደለም። ቅጣቱ ገና ጉልበት በነበረው ጊዜ የጥፋቱን ግማሽ ብቻ መርጦ ይቀጣ ስለነበር ነው።

ጉልበቱ ከየት እንደመጣ እንመልከት። የ1936 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ አገሪቱን ለሚሲዮናውያን ክፍትና ዝግ ብሎ ከለየ በኋላ፣ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዲላ ገቡ። የኖርዌይ ሉተራን ሚሽንም በዚያው ዘመን በሲዳሞ ሥራ ጀመረ። የፊተኛው ፍሬ በኋላ የቃለ ሕይወት፣ የሁለተኛው ደግሞ በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው የመካነ ኢየሱስ አካል ሆነ። ከፈረንጆቹ ጎን፣ አንዳንዴም ከእነሱ ቀድመው፣ በአጎራባች አካባቢዎች እየዞሩ ያስተማሩ የወላይታ ወንጌላውያን ነበሩ። የወላይታ አማኞች በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ ብቻቸውን ቀርተው ራሳቸውን ያስተዳደሩ ስለነበሩ፣ ይዘውት የሄዱት ቤተ ክርስቲያን በአካባቢ ሽማግሌዎች የምትመራ ነበረች። ሽማግሌው ደግሞ የሰውን ኑሮ ከነአጥሩ ያውቃል።

በደራሳ አውራጃ፣ ያኔ ጌዴኦ በሚጠራበት ስም፣ አዲስ ያመነ ሰው ብዙ ነገር ጥሎ ነበር የሚመጣው። ከጎሳው መሥዋዕት ይቀራል፤ በለቅሶው መጠጥ አይካፈልም፤ ዘመድ ፊቱን ያዞርበታል። ስለዚህ ኅብረቱ ዘመድ ሆነለት። ሲታመም የሚያርስለት፣ ሲሞት የሚቀብረው እሱ ነው። በደርግ ዘመን በደቡብ ብዙ ጸሎት ቤቶች ሲዘጉና አማኞች በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መሰብሰብ ሲጀምሩ ደግሞ መተማመን የነፍስ ጉዳይ ሆነ። አብሮህ የሚጸልየው ሰው ኑሮው ካልታወቀ ነገ ማን ፊት ምን እንደሚናገር አታውቅም። እንዲህ ካለ ኅብረት ለስድስት ወር መገለል አጥንት ድረስ ይሰማል። ቅጣቱ ይፈራ የነበረው ኅብረቱ ስለሚፈለግ ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚቆምበት የመጽሐፍ ክፍል የታወቀ ነው፦ ጳውሎስ በ55 እ.ኤ.አ. ገደማ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው የመጀመሪያ መልእክት 5ኛ ምዕራፍ። ሐዋርያው እዚያ የሚለው በውጭ ካለ ኃጢአተኛ ሁሉ ራቁ አይደለም፤ እንዲያማ ከሆነ ከዓለም መውጣት ሊኖርባችሁ ነው ይላቸዋል። ራቁ የሚላቸው ወንድም እየተባለ በክፋት ከሚኖረው ሰው ነው። የክፋቱንም ዓይነት ይዘረዝራል፤ ስድስት ነው፦ ዝሙት፣ ስግብግብነት፣ ጣዖት ማምለክ፣ ስም ማጥፋት፣ ስካር፣ ቅሚያ።

አሁን ይህን ዝርዝር ይዞ ወደ አንድ የቆየ አጥቢያ የሽማግሌዎች መዝገብ መሄድ ነው። ዝሙት አለ። ስካር አለ። ለአያት አምልኮ ወይም ለቃልቻ መሄድ አለ። ሦስቱ ሌሎች፣ ማለትም ስግብግብነት፣ ስም ማጥፋትና ቅሚያ፣ የታሉ? በጉባኤ ፊት አራጣ በማበደሩ ስሙ የተጠራ ሰው ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። በሚዛን በማጭበርበሩ ከጌታ እራት የታገደ ነጋዴም ሰምቼ አላውቅም። ሳታገባ ያረገዘች ልጅ ግን በየሰፈሩ ትታወሳለች። ሆዷ ስለሚታይ ትቆማለች፤ ያስረገዛት ሰው ስለማይታይ ተቀምጦ ይዘምራል። ይህን ያየ ሁሉ፣ ያልተናገረውም ጭምር፣ ቅጣቱ የሚጎበኘው ደካማውን እንደሆነ በልቡ መዝግቦ ሄዷል።

ሚዛኑን ጠጋ ብለን እንየው፤ ይርጋጨፌ ቡናዋ በዓለም የታወቀላት ከተማ ናትና። ከጥቅምት እስከ ጥር ገበሬው ከእንሰቱና ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር የለቀመውን ቀይ እሸት በከረጢት ተሸክሞ ወደ መፈልፈያው ወይም በመንገድ ዳር ወደሚጠብቀው ሰብሳቢ ይመጣል። እሸት ቡና አያድርም፤ ካደረ ይቦካል፣ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሚዛን ፊት የቆመ ገበሬ «አልሸጥም፣ ልመልሰው» ለማለት አቅም የለውም። ሰብሳቢው መርፌው ሳይረጋ ከረጢቱን ያነሣል፤ ለእርጥበቱ ብሎ ኪሎ ይቀንሳል፤ ትርፉን ግራም ይውጠዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ እጁ ያጠረው ገበሬ ቡናው ገና አረንጓዴ ሳለ በግማሽ ዋጋ ይሸጠዋል፤ ወይም በአራጣ ይበደርና መሬቱን ያስይዛል። ገዢውም ሻጩም እሑድ አንድ ጉባኤ ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። በ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ መሠረት በጌዴኦ ዞን ከ10 ሰው ከ7 የሚበልጠው ፕሮቴስታንት ነውና የመገናኘታቸው ዕድል ሰፊ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ለብዙ ገበሬ ሌላ በር ከፍቷል፤ ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን የወንድምን ሕሊና ሊጠይቅ አይችልም፣ ሥራውም አይደለም።

ሽማግሌዎቹ ለምን አልጠየቁም? አንዱ ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ጣሪያው በማን ገንዘብ እንደተከደነ ሁሉ ያውቃል፣ አሥራትም የሚገባው በቡና ወቅት ነው። ሌላው ግን ከዚህ ይከብዳል፦ ንግድን የመንፈሳዊ ሕይወት ክፍል አድርጎ ያስተማራቸው የለም። መጠጡና ጭፈራው ከአሮጌው ሕይወት መለያ ምልክት ስለሆነ ተነገረ፤ ሚዛኑ የማንም መለያ ስላልሆነ ታለፈ። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ጢሰኞች በቡና ምርታቸው ላይ በደረሰባቸው ግፍ ሚጭሌ ላይ በባለመሬቶቹ ላይ ሲነሡ፣ የዚህ አገር ሰው ፍትሐዊ ድርሻ የነፍስ ጉዳይ መሆኑን በደሙ ተናግሮ ነበር። ያን ቁጭት ወደ ቁርባን ገበታ ያመጣው ግን የለም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነጻነት መጣ፤ እሰየው። በአንዲት አነስተኛ ከተማ ውስጥ የአጥቢያው ቁጥርና የስሙ ዓይነት በዛ። ድሮ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ አማኝ መሸኛ ደብዳቤ ይዞ ነበር የሚሄደው፤ ቅጣት ላይ ያለ ሰው ደብዳቤ አይሰጠውም። አሁን መንገዱን የተሻገረ ሰው ደብዳቤ ሲጠየቅ እምብዛም አይታይም፤ ድምፁ ካማረ በሳምንቱ መድረክ ላይ ነው። ይህን ሁሉም ያማርራል። ነገር ግን ፍርዱን አክብሮ ኋላ እንዲቀመጥ የሚጠበቅበት ሰው፣ ፍርዱ ለድሃና ለሀብታም አንድ እንዳልሆነ እያወቀ ለምን ይቀመጣል? የአጥቢያ መብዛት በሩን ከፈተ እንጂ ሰውን ገፍቶ ያስወጣው እሱ አይደለም።

ከዚያ ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. መጣ። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ የተነሣው ግጭት ሰኔ ላይ አገርሽቶ በሁለቱ ዞኖች ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አፈናቀለ። በገደብ፣ በኮቸሬ፣ በይርጋጨፌና በዲላ የቤተ ክርስቲያን ግቢዎች በሰው ተሞሉ። አማኞች ከራሳቸው ጓዳ ቆጮ እያወጡ አበሉ፤ ይህ መቼም ሊረሳ አይገባውም። ይሁን እንጂ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሰዎች በአብዛኛው የአንድ እምነት ሰዎች መሆናቸውም ሊረሳ አይችልም። አንድ ቤተ እምነት በዲላም በቡሌ ሆራም አጥቢያ አላት። የተቃጠለው ቤት፣ የተለቀመው የሰው ቡና፣ በየገበያው ሲናፈስ የነበረው ስድብ፣ እነዚህ ስግብግብነት፣ ቅሚያና ስም ማጥፋት ናቸው። ሳይቀጡ የኖሩት ሦስቱ። ለዝሙትና ለስካር ኮሚቴ የነበረው አጥቢያ ለእነዚህ ጥያቄ እንኳ አልነበረውም፤ ምን ብሎ እንደሚጀምር አልተለማመደም። በየመድረኩ የሰላም ጸሎት ተደረገ፤ «ወንድሜ፣ የጎረቤትህን ቡና ለቅመሃል ወይ?» ተብሎ በሽማግሌ ፊት የተጠየቀ አማኝ ስለመኖሩ ግን አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለውን ማየት ግድ ነው። የጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ የሆነው ሶንጎ በዳይንና ተበዳይን ፊት ለፊት ያቆማል፤ ፍርዱን አልቀበልም ያለውን ማኅበረሰቡ ያገለዋል። ጌዴኦና ጉጂ ደም ሲፋሰሱ የሚታረቁበት ጎንዶሮም በደል ሳይታመን አይፈጸምም። ብዙ አማኞች በእርዱና በደሙ ምክንያት ከጎንዶሮ ይርቃሉ። የሕሊና ጉዳይ ነውና አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ከዚያ ሥርዓት ሲለዩ በምትኩ ምን ይዘው እንደቀሩ መጠየቅ አለባቸው። ከሶንጎ የወጣ፣ በቤተ ክርስቲያንም የማይጠየቅ ሰው ከሁለቱም ነጻ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ነጻነት ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ሊያስጥላቸው ነበር የጻፈው።

ቅጣቱ ይመለስ የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ነኝ። እንደነበረው ይመለስ ግን አልልም። ያቺን ልጅ ዳግመኛ ብቻዋን ለማቆም ከሆነ ወድቆ ይቅር። ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ የተቀጣውን ሰው በሐዘን እንዳይዋጥ አጽናኑት፣ ተቀበሉትም ሲል የቅጣቱን መጨረሻ አሳይቷል፤ በእኛ ዘንድ ስሙ ሲጠራ ሁሉ የሰማው ሰው ሲመለስ ግማሹ ጉባኤ አይሰማም።

የሚጀመርበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ጥቅምት ከመግባቱ በፊት የሚደረገው የጌታ እራት ላይ ሽማግሌዎቹ ሚዛን ያላቸውን አባላት፣ ከራሳቸው ጀምረው፣ ስለ ኪሎው ይጠይቁ። በአራጣ የተያዘ የወንድም መሬት ካለ ከጽዋው በፊት ይነገር። በድንበሩ ግራና ቀኝ፣ በገደብና በቀርጫ፣ ያሉ የአንድ ቤተ እምነት አጥቢያዎች በ2010 ከአባሎቻቸው ማን የማንን ንብረት እንደያዘ በአንድ ላይ ይመርምሩ፤ በአንዱ ወገን የታገደውንም ሌላው ወገን ያለ መሸኛ አይቀበለው። እንዲህ ያለው ምርመራ አባል ያስቀራል፣ ምናልባትም አሥራት። ከትልልቆቹ ሰብሳቢዎች አንዱ መንገዱን ተሻግሮ ሲሄድ የማይደነግጥ አጥቢያ ነው ሊጀምረው የሚችለው፤ የተሻገረበት አጥቢያ ደግሞ ወንበር ከመስጠቱ በፊት ደብዳቤውን መጠየቅ አለበት።