ተጫዋች ሲለወጥና ተጫዋች ሲሄድ

የቅርጫት ኳስ ወዳጅ የሆነ ተማሪ ሁሉ በየካቲትና በክረምት ሌላ ሥራ ያለው አይመስልም፤ በአሜሪካ ቡድኖች መካከል ማን ወዴት ተዛወረ እያለ ሲከራከር ይውላል። ክርክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በሚዛን ላይ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ዝና ብቻ ስለ ሆነ፥ ስለ ሚዛኑ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ልውውጥ ማለት ቡድኑ በውል የያዘውን ተጫዋች ሰጥቶ በምትኩ ሌላ ተጫዋች፥ ወይም ወደፊት አዳዲስ ወጣቶችን የመምረጥ ተራ መቀበሉ ነው። ነጻ ፈራሚ ግን ውሉን ጨርሶ ወደ ወደደው የሚሄድ ነው። ዳላስ ጄለን ብራንሰንን በ2022 ያጣው በዚህ መንገድ ነው፤ ኒው ዮርክ ለ4 ዓመት በ104 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው፤ ለዳላስ በምትኩ ምንም አልቀረለትም።

የአገራችን ገበሬ በሬ ሲገዛ የቀንዱን ማማር ብቻ አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። በ2019 የሎስ አንጀለሱ ክሊፐርስ ፖል ጆርጅን ከኦክላሆማ ሲቲ በልውውጥ ሲወስድ፥ ካዋይ ሌነርድንም በነጻ ሲያስፈርም፥ ብዙ ሰው ቀንዱን አይቶ አጨበጨበ። ለጆርጅ የተከፈለው ምን ነበር? ሻይ ጊልጀስ አሌክሳንደር የሚባል የ20 ዓመት ልጅ፥ ዳኒሎ ጋሊናሪ፥ 5 የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎች፥ በዚህም ላይ ተራ የመለዋወጥ መብት 2 ጊዜ። ጆርጅ ካልመጣ ሌነርድም አይመጣም ነበር ስለሚባል፥ ዋጋው የሁለት ሰው ነው ብለን ለክሊፐርስ እንፍረድለት። ይሁን እንጂ ክሊፐርስ ከሁለቱ ጋር አንድ ጊዜ እንኳ ለዋንጫው ፍጻሜ ሳይደርስ፥ ጆርጅ በ2024 ውሉን ጨርሶ ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። ኦክላሆማ ሲቲ ደግሞ በ2025 ዋንጫውን ወሰደ፤ የዓመቱም የፍጻሜውም ኮከብ ያ ልጅ ነበረ። አጠገቡ የተሰለፈው ጄለን ዊልያምስ እንኳ የተመረጠው ከክሊፐርስ በመጣው ተራ ነው።

በሬ ማለቴን ግን እዚህ ላይ ላቁም፤ ተጫዋች ሰው ነውና። ዲማር ዲሮዘን በቶሮንቶ 9 ዓመት ተጫወተ። በ2016 ነጻ በሆነ ጊዜ ሌላ ቡድን ሳይመርጥ እዚያው ለ5 ዓመት ፈረመ። በ2018 ቡድኑ ሰጥቶት አንድ ዓመት ብቻ የቀረውን ሌነርድን ተቀበለ። ቶሮንቶ በ2019 የመጀመሪያ ዋንጫውን በላ፤ ሌነርድም ወዲያው ሄደ። በእኔ አስተያየት ቶሮንቶ አተረፈ። ሆኖም ክለቡን ከሃዲ ብሎ የሰደበ ብዙ ሰው አልሰማሁም።

ኬቪን ዱራንትም ለአንድ ክለብ 9 ዓመት ተጫውቶ፥ ውሉን አክብሮ፥ በ2016 ከኦክላሆማ ሲቲ ወደ ጎልደን ስቴት ሲሄድ ግን ከሃዲ ተባለ። ቡድን ሲሰጥ ብልህ፥ ሰው ሲሄድ ከሃዲ! ይህን ፍርድ አልቀበለውም። በዚያ ዓመት 73 ጨዋታ ባሸነፈ ቡድን ላይ ዱራንት ሲጨመር ውድድሩ ጣዕም አጣ የሚሉ ወዳጆቼ እውነት አላቸው፤ በ2017ና በ2018 ዋንጫው የት እንደሚሄድ ሁሉም ቀድሞ ያወቀው ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን በሩን የከፈተው ማን ነው? ከአዲሱ የቴሌቪዥን ውል የመጣው ገንዘብ የደመወዙን ጣሪያ በአንድ ክረምት ከ70 ወደ 94 ሚሊዮን ዶላር አዘለለው፤ ጎልደን ስቴትም ቦታ አገኘ። ማኅበሩ ጭማሪው ጥቂት በጥቂት እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የተጫዋቾቹ ማኅበር አልተቀበለውም። ስለዚህ ከወቀሳው ለደንብ አውጪዎቹ ድርሻቸው ይድረሳቸው እንጂ፥ ውሉን በጨረሰ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አይጫን።