የክፍያ መልእክት ስለ ምን ይመለሳል?

ገንዘቡ በሒሳቡ ተቀምጦ፣ የውጭ ምንዛሪውም ተፈቅዶለት ሳለ፣ ክፍያው ለሻጩ ሳይደርስ የተመለሰበት አስመጪ ምን ያህል እንደሚቸገር ለነጋዴዎች መንገር አያስፈልግም። ሻጩ ገንዘቡን ካላየ ዕቃውን አይጭንም፤ ወይም የጭነቱን ሰነድ አይለቅም። ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ደርሶ ሰነዱ የዘገየ እንደ ሆነም የኮንቴይነሩና የመጋዘኑ ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ምክንያቱ ሲመረመር፣ የሻጩ ከተማ ስም በተወሰነለት ቦታ አልተጻፈም የሚል ሆኖ ይገኛል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህን ችግር መነሻ ማወቅ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ1973 በ15 አገሮች የሚገኙ 239 ባንኮች ስዊፍት የተባለውን የመልእክት ድርጅት በብራስልስ አቋቋሙ። ለብዙ ዘመን ባንኮች የደንበኛን ክፍያ ያስተላልፉበት በነበረው ኤም.ቲ. 103 በተባለው መልእክት፣ የተቀባዩ ስምና አድራሻ እያንዳንዳቸው 35 ፊደል በሚይዙ አራት መስመሮች እንደ ፖስታ ላይ ጽሑፍ ይሰፍር ነበር። ከተማውን ከመንገዱ የሚለየው አንባቢው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2023 ጀምሮ አይ.ኤስ.ኦ. 20022 የተባለው አዲስ ሥርዓት ከአሮጌው ጎን ሠራ፤ በኅዳር 2025 ደግሞ በባንኮች መካከል ለሚደረገው የክፍያ ትእዛዝ አሮጌው ቀረ። በአዲሱ ሥርዓት ስም፣ ከተማ፣ አገር፣ ገንዘብ፣ ቀን፣ ሁሉም በየራሱ ሣጥን ይገባል፤ አንባቢውም ሰው ሳይሆን መኪና ነው።

መልእክቱ ሁለት በሮችን ያልፋል። የመጀመሪያው በር ባለሙያዎች ስኬማ የሚሉት የቅጽ ሕግ ነው። ይህ በር ሣጥኖቹ በተራቸው መደርደራቸውን፣ የፊደሉን ብዛትና የቁጥሩን አጻጻፍ ይመለከታል። አሮጌው መልእክት ሳንቲሙን ከብሩ በነጠላ ሰረዝ ይለይ ነበር፤ አዲሱ ግን በነጥብ ይለያል። አሮጌውን ልማድ ይዞ የመጣ መልእክት ከዚህ በር ይመለሳል። ሁለተኛው በር የአሠራር ደንብ ነው። በጃፓን የን የተጻፈ ክፍያ የሳንቲም ክፍልፋይ ቢኖረው የቅጹ ሕግ ያሳልፈዋል፤ የን ግን ሳንቲም የለውምና ደንቡ ይጥለዋል። ስለዚህ «ቅጹ ትክክል ነው» ማለት «መልእክቱ ያልፋል» ማለት አይደለም።

የዘመን አቆጣጠርም የራሱ ወጥመድ አለው። ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተቆረጠ ደረሰኝ ቀኑ ሳይለወጥ ቢገባ፣ መኪናው አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅምና ወዲያው ይመልሰዋል። መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደዚሁ ቢገባ ግን የባሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጥር 5 ቀን 2018 ተብሎ በደኅና ያልፋል። እውነተኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2025 ነው። መኪና የጽሑፉን ቅርጽ እንጂ እውነቱን አይመረምርም።

የአድራሻው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስቸኩላል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2026 ጀምሮ ሁሉን በአንድነት የደባለቀ አድራሻ ተቀባይነት እንዳይኖረው ተወስኗል። የቀረውን ዝርዝር እያንዳንዳቸው እስከ 70 ፊደል በሚይዙ ሁለት መስመሮች መጻፍ ይቻላል፤ የከተማው ስምና የአገሩ ባለሁለት ፊደል ምልክት ግን በየሣጥናቸው መግባት አለባቸው።

አንዳንድ ነጋዴዎች ይህ ሁሉ የባንክ ሥራ ነው ይላሉ። በከፊል እውነት አላቸው፤ ሣጥኖቹን የሚደረድረው የባንኩ ባለሙያ ነው። ነገር ግን በማመልከቻው ላይ ከተማው ከመንደሩ ተደባልቆ ከቀረበ ባለሙያው በግምት ይለየዋል፤ ግምት ደግሞ ለገንዘብ አይስማማም። ቡና ላኪውም ቢሆን «ከአደባባዩ ዝቅ ብሎ» የሚለውን አድራሻ ትቶ ከተማውን፣ ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውንና የፖስታ ሣጥን ቁጥሩን ለይቶ፣ ስሙንም በንግድ ፈቃዱ ላይ በላቲን ፊደል እንደተጻፈው ሳያዛባ ለገዢው ሊልክ ይገባዋል።

ባንኮችም ከወቀሳ አያመልጡም። መልእክቱ ሲጣል ምክንያቱን የሚገልጥ ምልክት አብሮ ይመጣል። ይህን ይዞ ለደንበኛው «ተመልሷል» ብቻ ማለት፣ ሐኪም በሽታውን አውቆ ለታማሚው ዝም እንደማለት ነው። የትኛው ሣጥን እንደ ተሳሳተና እንዴት እንደሚታረም በግልጥ አማርኛ ጽፎ መስጠት የባንክ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የንግድ ምክር ቤቱም አንድ የናሙና ቅጽ አዘጋጅቶ ለአባሎቹ ቢያድል መልካም ነው። ወጪው የጥቂት ወረቀት ዋጋ ነው፤ አንድ ኮንቴይነር በወደብ አንድ ሳምንት ቢዘገይ የሚጠይቀው ኪራይ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።